ድምፁ ተወዶ አካሉ የተናቀ ተዋናይ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዓይን ለመፍረድ ይቸኩላል። ችኮላውም ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዊልያም ኮንራድ ታሪክ እንረዳለን።

ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ፣ በሉዊቪል ከተማ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን ነጂነት አገልግሎ፣ በ1946 «ገዳዮቹ» በተባለው ፊልም ከሁለቱ ነፍሰ ገዳዮች አንዱን ሆኖ ታየ። ሲኒማ ይህን ወፍራም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ለክፉ ሰው ቦታ ነበር።

በራዲዮ ግን መልክ አይታይምና ነገሩ ሌላ ሆነ። ከ1952 ጀምሮ «ገንስሞክ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ማት ዲለን የተባለውን ሕግ አስከባሪ ሆኖ ተጫወተ። አድማጩም በዚያ ጥልቅ ድምፅ ደፋርና አዛኝ ሰው አየ። በ1955 ሲ.ቢ.ኤስ. ድራማውን ወደ ቴሌቪዥን ሲያሻግረው ግን ቦታው ቁመቱ 2 ሜትር ለሚደርሰው ለጄምስ አርነስ ተሰጠ። አርነስ እስከ 1975 ድረስ ሥራውን በሚገባ ሠርቷልና በእርሱ አይፈረድም። ኮንራድም እስከ 1961 ድረስ ያንኑ ሰው በራዲዮ መጫወቱን አልተወም፤ ስለዚህ ማት ዲለን ስድስት ዓመት ያህል በአንድ በኩል ድምፅ፣ በሌላ በኩል መልክ ሆኖ ኖረ።

ቀን እስኪያልፍ ያለፋል። ኮንራድ ከ1963 እስከ 1967 «ኮብላዩ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ፊቱ ሳይታይ ተራኪ ሆነ፤ ፊልምም አዘጋጀ፤ እርሱን ባልተቀበለው በቴሌቪዥኑ «ገንስሞክ» እንኳ አንዳንድ ክፍሎችን መርቷል። በመጨረሻ በ1971፣ በ50 ዓመቱ፣ «ካነን» በተባለው ድራማ ዋናው መርማሪ ሆነ። ካነን ምግብ ወዳድና ወፍራም ነው፤ ትናንት እንደ ጉድለት የተቆጠረው አካል ዛሬ መታወቂያው ሆነ። ድራማው እስከ 1976 ዘለቀ፤ ኮንራድም በ1994 ዐረፈ።

ነገር ግን «ካነን» ባይመጣስ ኖሮ? ድምፁ ያው ድምፅ፣ ሙያውም ያው ሙያ በሆነ ነበር። የሰው ዋጋ የሚጀምረው ሌላው ባወቀለት ቀን አይደለም።

እኔም ሳስተምር ለትምህርት ቤት ቴአትር የንጉሡን ቦታ ለመልከ መልካሙ፣ የሎሌውን ለአጭሩ ስሰጥ ኖሬያለሁ፤ ማን አሳምሮ እንደሚናገር ግን አስቀድሜ አልሰማሁም። ልጆቼ ሆይ፤ እናንተ ለመምረጥ በተቀመጣችሁ ጊዜ፣ ከማየታችሁ በፊት ስሙ።