የወፍ ንግድና ሕግ፦ ርኅራኄ ወይስ ፍርሃት?

ሕግ የሚወለደው ከኅሊና ነው ወይስ ከፍርሃት? ጥያቄው የፖለቲካ ፍልስፍና ነው። እኔ ግን ዛሬ መልሱን የምፈልገው ብዙዎች ተራ ነገር ነው ብለው በሚያልፉት ጉዳይ፣ ማለትም አሜሪካና አውሮፓ የለማዳ ወፎችን ሽያጭ ለመግዛት ባወጧቸው ሕጎች ታሪክ ውስጥ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካሮላይና በቀቀን የምትባለው ወፍ በአንድ ወቅት የምሥራቅ አሜሪካን ደኖች ሞልታ ትኖር ነበር። ገበሬው ፍሬዬን ታጠፋብኛለች ብሎ ተኮሰባት፤ ባርኔጣ ሠሪው ላባዋን ፈለገው፤ ነጋዴው በፍርግርግ ውስጥ አስገብቶ ሸጣት። በእንስሳት ማቆያ ውስጥ ከነበሩት የመጨረሻው በየካቲት 1918 በሲንሲናቲ ከተማ ሞተ። የአሜሪካ ምክር ቤት ተሰዳጅ ወፎችን ማጥመድንና መሸጥን የከለከለውን ዝነኛ ሕግ ያጸደቀው በዚያው ዓመት በበጋው ወራት ነበር። ይሁንና ሕጉ የአገሩን ወፎች የሚመለከት ስለነበረ፣ ከባሕር ማዶ ለሚመጡት ገበያው እንደተከፈተ ቀረ።

ያንን በር የዘጋው በሽታ ነው። በ1929 መጨረሻ ከደቡብ አሜሪካ መጥተው ለገና ስጦታ የተሸጡ በቀቀኖች ሳንባን የሚያጠቃ ትኩሳት ወደ ቤተሰቦች አስገቡ። ሰዎች ሞቱ፤ ጋዜጦች ጮኹ። ፕሬዚዳንት ሁቨር ጥር 24 ቀን 1930 በቀቀን ወደ አገር እንዳይገባ የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። ትእዛዙ የታሰበው ለበቀቀኗ ሳይሆን ለገዢዋ እንደነበረ ልብ ይሏል። ከ1971 እስከ 1974 ደግሞ ከውጭ በመጡ ለማዳ ወፎች አማካይነት የገባ የኒውካስል በሽታ በደቡብ ካሊፎርኒያ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ወፎችን፣ በብዛትም ዶሮዎችን፣ አስፈጀ። ከውጭ የሚገቡ ወፎች ለብቻቸው ተለይተው እንዲቆዩ የሚያስገድደው ደንብ የዚህ ኪሳራ ልጅ ነው።

እውነተኛው የኅሊና ክርክር የተነሣው በ1980ዎቹ ነው። የኒውዮርክ ግዛት በ1984 ከዱር የተያዙ ወፎች በሱቅ እንዳይሸጡ ሕግ አወጣች። የሕጉ ደጋፊዎች፣ ወፏ ከወጥመድ እስከ ሱቅ ባለው ጉዞ በረሃብና በመታፈን ብዙ ጓደኞቿን ቀብራ ነው የምትደርሰው አሉ። ነጋዴዎችና አርቢዎች በበኩላቸው እገዳ ኮንትሮባንድን ያደልባል፣ በቤት የሚራቡ ወፎችንም ያጠፋል ሲሉ ተከራከሩ። በ1992 የወጣው የፌዴራሉ ሕግ ለሁለቱም ጆሮ ሰጠ፤ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተመዘገቡ የዱር ወፎች እንዳይገቡ ሲያግድ፣ በእርባታ ለተገኙና በተፈቀደ ዕቅድ ለሚያዙ ግን በር ተወ።

አውሮፓ እስከዚያ ድረስ አልሄደችም ነበር። በጥቅምት 2005 በብሪታንያ ማቆያ ውስጥ ለሽያጭ የመጡ ወፎች በወፍ ጉንፋን ሲሞቱ ግን የአውሮፓ ኅብረት የዱር ወፎችን ማስገባት ወዲያውኑ አገደ፤ በ2007ም እገዳውን ቋሚ አደረገው። ለዓመታት የቀረበ አቤቱታ ያላስገኘውን ቫይረስ በቀናት አስገኘው። ውጤቱ ቀላል አልነበረም፤ በ2017 የታተመ ጥናት በዓለም ዙሪያ የሚነገደው የዱር ወፍ ብዛት ከእገዳው ወዲህ በ90 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል።

ታዲያ ውጤቱ ካማረ መነሻው ምን አስጨነቀን? የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከፍርሃት የተወለደ ሕግ የሚጠብቀው የገዢውን ደጃፍ ነው፤ ወፏ የተወለደችበትን ደን አይጠብቅም። አፍሪካዊቷ ግራጫ በቀቀን ምስክር ናት። በጋና ከ1992 ወዲህ ቁጥሯ ከ90 እስከ 99 በመቶ ማሽቆልቆሉን አጥኚዎች ዘግበዋል። በዱር የተያዘችው ለንግድ እንዳትሸጥ ዓለም የተስማማው ግን በ2016 በጆሃንስበርግ ጉባኤ ነው። በጋና ደን ውስጥ የደረሰው ጥፋት የማንንም ሳሎን በትኩሳት ስላላንኳኳ ሰሚ ለማግኘት ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጀበት። ወጥመድ የሚዘረጋው ደሃም ሌላ መተዳደሪያ እስካላገኘ ድረስ፣ በሩቅ አገር የተጻፈ አንቀጽ እጁን አይዘውም።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። ግንባረ ቢጫዋ በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር ዱር አትገኝም፤ ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሿ የደጋ በቀቀንም መኖሪያዋ ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ነው። አገራችን የዱር እንስሳትን ንግድ የሚገዛውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀበለችው በ1989 ነው። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል፤ ጩኸቷን አስቀድሞ መስማት ያለበትም የአገሯ ሰው ነው። የሌሎች ታሪክ የሚያስተምረን በሽታ ወይም ኪሳራ እስኪቀሰቅሰን እንዳንጠብቅ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት ብቻ አይደለም፤ ለሕግም ይሠራል።