ከፍርዱ በኋላ ልጆቹን ማን ይጠብቃል?



እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየወሩ መጨረሻ የባንኩን መግለጫና የማህበራችንን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጬ አስታርቃለሁ። ሁለቱ ካልተገናኙ የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ባለሥልጣኖቹ መዝገባቸውን ሳያስታርቁ ቀርተው የልጆች ሕይወት ስለጠፋበት አገር ነው። አገሩ ቤልጂየም ነው፤ ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርክ ዱትሩ የተባለ ሰው አምስት ልጃገረዶችን አግቶ በመድፈሩ በ1989 ከ13 ዓመት የማያንስ እስራት ተፈረደበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን፣ በ1992፣ በፍትሕ ሚኒስትሩ ፈቃድ በአመክሮ ተፈታ። የገዛ እናቱ ልጇ ቢፈታ እንደምትሰጋ ለወህኒ ቤቱ ጽፋ ነበር። የሰማት የለም።

በሰኔ 1995 ሁለት የስምንት ዓመት ልጆች ጠፉ። በነሐሴ ደግሞ ሁለት ወጣት ሴቶች ጠፉ። ዱትሩ ልጆች ለማገት እንደሚያስብ ለፖሊስ ጥቆማ ደርሶ ነበር። ነገር ግን አንዱ የፖሊስ ክፍል የያዘውን መረጃ ጉዳዩን ለያዘው መርማሪ ዳኛ በሙሉ አላስተላለፈም። በታኅሣሥ 1995 ፖሊሶች ቤቱን ሁለት ጊዜ ፈተሹ። የልጆች ድምፅ ተሰምቶ ነበር፤ ከመንገድ የመጣ መስሏቸው ትተውት ወጡ። ዱትሩ በዚያን ጊዜ በመኪና ስርቆት ታስሮ ነበር። ሁለቱ ሕፃናት በምድር ቤቱ ውስጥ በረሃብ ሞቱ። ሚስቱ እያወቀች አልመገበቻቸውም፤ በኋላ 30 ዓመት ተፈረደባት።

ዱትሩ የተያዘው በነሐሴ 1996 ነው። ያኔ ሁለት ልጆች በሕይወት ወጡ፤ ካገታቸው ስድስቱ አራቱ ግን አልተረፉም። የስምንት ዓመት ልጅ አለችኝና ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ወደ ተኛችበት ክፍል ሄድኩ።

በጥቅምት 20 ቀን 1996 ወደ 300,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነጭ ፊኛና ነጭ አበባ ይዞ በብራስልስ አደባባይ ወጣ። ፓርላማው መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ሰውዬው በ1998 ለጥቂት ሰዓታት ሲያመልጥ የፍትሕና የአገር ውስጥ ሚኒስትሮቹ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት ተነጣጥለው ይሠሩ የነበሩትን የፖሊስ ክፍሎች ወደ አንድ አሠራር የሚያመጣ ሕግ ወጣ፤ በአመክሮ የመፍታት ሥልጣንም ከሚኒስትሩ ወደ ኮሚሽን ተላለፈ። በ2004 ዱትሩ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ከባድ ቅጣት ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን ልጅ አይጠብቅም። በ1989 የተፈረደው ቅጣት ቀላል አልነበረም። የጎደለው፣ ደጋግሞ ሊያጠፋ የሚችል ሰው ከወጣ በኋላ የሚከታተለውና የተበታተነውን ጥቆማ አንድ ላይ አድርጎ የሚያየው ሰው ነበር።

በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም ከ13 ዓመት በታች የሆነች ልጅን ለደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። ሕጉ አለ። ነገር ግን በየሰፈሩ ጉዳዩ በሽምግልና ሲድበሰበስ፣ «ቤተሰብ ነው፣ ይቅር» ሲባል፣ ያ ሰው ስሙ በየትኛውም መዝገብ ሳይገባ ወደ ሌላ ልጅ ይሄዳል።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ልጅ የነገረቻችሁን ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ። ለሽማግሌ ሳይሆን ለፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አድርሱ፤ የት እንደደረሰም ተመልሳችሁ ጠይቁ። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነውና።