ስለ ተማሪዎች ጠብና ስለ ተማሪ ቤት ቅጣት

የዚህ መጽሐፍ አዘጋጆች ለበዓሉ የሚሆን የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በጠየቁን ጊዜ፣ ከጓደኞቼ የሚበዙት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እኔ ግን ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ያልደከሙበትን አንድ ትንሽ ነገር መረጥሁ። ይኸውም ሁለት ተማሪዎች በተማሪ ቤት ግቢ በተደባደቡ ጊዜ ነገራቸውን የሚሰማ ማን ነው? የሚል ነው። ስለ ቅጣቱ ብዙ ተብሏል፤ አለንጋ ይቅር፣ አይቅር እየተባለ ስንት ክርክር ተደርጓል። ስለ መሰማቱ ግን የተናገረ ጥቂት ነው።

ነገሩ በይበልጥ የሚከብደው በመካከለኛ ደረጃ ነው፤ ይህን ስል 7ኛንና 8ኛን ክፍል ማለቴ ነው። የእነዚህ የሁለት ክፍሎች ስም በአገራችን ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አንደኛ ደረጃ ስድስት ዓመት ሲሆን እነርሱ ለብቻቸው ሁለት ዓመት ሆኑ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ከአንደኛ ደረጃ ጋር ቀላቀላቸው፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ እንደ ገና ለይቶ መካከለኛ ደረጃ አላቸው። ስማቸው ይለዋወጥ እንጂ ልጁ ያው ነው። ድምፁ መጎርነን ጀምሯል፤ ገና ልጅ ሳለ ጎልማሳ ነኝ ይላል። የጠቡ ምክንያት ቢመረመር የመቀመጫ ቦታ፣ የተሰበረ ማስመሪያ፣ የተሻረ ጎል፣ ይልቁንም እናትን የሚነካ ስድብ ሆኖ ይገኛል። «ከደወል በኋላ ጠብቀኝ» ይባባላሉ፤ ቀጠሮውን ሁለቱ ቢረሱት እንኳ ቲፎዞው አይረሳውም። እኔ እንዳየሁት፣ ክብ ሠርቶ የሚጮኸው ባይኖር ኖሮ የጠቡ እኩሌታ ቡጢ ሳይሰነዘርበት ይበርድ ነበር። እርሱ ካለ ግን ቴስታው፣ ካልቾውና ድንጋዩ ይከተላል። ይህንም እንደ ቀላል ነገር አትዩት። በስምንተኛ ክፍል መጨረሻ በተለምዶ ሚኒስትሪ የምንለው ፈተና አለ፤ ፈተናው ሲቃረብ ከተማሪ ቤት የተባረረ ልጅ በአንድ ቡጢ ምክንያት ዓመቱን በሙሉ ሊያጣ ይችላል።

ከጥንት እንጀምር። የቤተ ክህነት ተማሪ ቤት ቅጣት የታወቀ ነው። ልጅ ፊደል ሲቆጥርና ዳዊት ሲደግም የኔታ በአጠገባቸው አለንጋ ነበራቸው፤ እየኮበለለ ያስቸገረውንም ልጅ እግሩን በሰንሰለት እስከ ማሰር ይደረስ ነበር። የዛሬ ሰው ይህን ሲሰማ ጭካኔ ብቻ ይመስለዋል። እኔም ደግ ነበር አልልም። ነገር ግን አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል፤ ያ አለንጋ በይበልጥ የተሰናዳው ለትምህርቱ እንጂ ለጠብ አልነበረም። ንባቡን የገደፈ፣ ዜማውን የሳተ ይመታል። ደግሞም ከአንድ የኔታ እግር ሥር የሚቀመጡት ልጆች ጥቂቶች ስለ ሆኑ፣ የኔታ የእያንዳንዱን አባት፣ ጠባዩንና ቂሙን ያውቃሉ። ጠብ ቢነሣ ማን እንደ ጀመረው ለማወቅ ምስክር መቁጠር እምብዛም የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም።

ከተማሪ ቤቱ አጥር ውጭ ደግሞ ሌላ ሥርዐት ነበር። አባቶቻችን ሙግት ወዳዶች ነበሩ። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ የተጣሉ እንደ ሆነ አላፊ አግዳሚውን በንጉሥ ስም አስቁመው ዳኛ ያደርጉታል፤ እርሱም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሁለቱንም ቃል ይሰማል። በዚያ ያላለቀ እንደ ሆነ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ወደ በላይ ዳኛ አብረው ይሄዳሉ። የውጭ አገር ተጓዦች ይህን እየተደነቁ ጽፈውታል። «በላ ልበልሃ» የሚባለውን የሙግት ሥርዐት ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ ያነሡታል። እንግዲህ በጥቂት ብር ዕዳ የተጣሉ ሁለት ገበሬዎች እንኳ ቃላቸው ሳይሰማ አይፈረድባቸውም ነበር ማለት ነው።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከግብፅ የመጡ የቅብጥ አስተማሪዎች የሚያስተምሩበትን ተማሪ ቤት በአዲስ አበባ ከፈቱ፤ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት ተከተለ፤ ከዚያም በየጠቅላይ ግዛቱ ብዙ ተከፈተ። ደወሉ፣ ጥቁር ሰሌዳውና የስም መዝገቡ ከአዲሱ ትምህርት ጋር መጣ። አለንጋውም ስሙን ለውጦ፣ አርጩሜና ማስመሪያ፣ በኋላም የጎማ ቁራጭ ሆኖ ገባ። ሙግቱ ግን ከበሩ ላይ ቀረ። ተማሪው በመቶና በሺህ በሚቆጠርበት ግቢ ዲሬክተሩ ማንን አውቆ ማንን ይጠይቅ? ስለዚህ ቀላሉ ፍርድ ተገኘ፤ ሁለቱንም አንበርክክ፣ ሁለቱንም ምታ። ከዚህም የባሰ አለ። አስተማሪ በሌለበት ጊዜ የክፍል አለቃው የረባሾችን ስም በብጣሽ ወረቀት ይጽፋል፤ ከስሙ አጠገብ ኤክስ የበዛበት አብዝቶ ይመታል። ከአለቃው ጋር የተኳረፈ ልጅ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥም ስሙ ከዚያ ወረቀት እንደማይጠፋ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ይህን ወረቀት ይግባኝ የሚሉበት ሸንጎ የለም።

ይህ ችግር በኛ አገር ብቻ የደረሰ እንዳይመስል የሌላ አገር ታሪክ ላምጣ። አሜሪካን የመረጥሁበት ምክንያት፣ የመሰማትና የመመታት ጉዳይ በሁለት ዓመት ልዩነት ከዚያ አገር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርበው እርስ በርሱ የማይስማማ መልስ ስላገኙ ነው።

በ1971 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኦሃዮ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በኮሎምበስ ከተማ፣ በመንግሥት ተማሪ ቤቶች ሁከት ተነሣ። በዚያ ክፍለ ሀገር ሕግ ዲሬክተሩ ተማሪውን ሳይጠይቅ እስከ 10 ቀን ሊያግደው ይችል ነበር። ሎፔዝ የሚባል ተማሪ በምግብ አዳራሽ በተነሣ ረብሻ ምክንያት ከሌሎች ከ75 የማያንሱ ተማሪዎች ጋር በአንድ ቀን ታገደ። እርሱ ግን ቆሜ ከማየት በቀር ያደረግሁት የለም ብሎ ለፍርድ ቤት ተናገረ። አንዲት የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪም በሌላ ተማሪ ቤት በተደረገ ሰልፍ ተገኝታ ፖሊስ ከብዙዎች ጋር ያዛትና ያለ ክስ ለቀቃት፤ በማግሥቱ ወደ ትምህርቷ ሳትሄድ ለ10 ቀን መታገዷ ተነገራት። ዲሬክተሯ ምን ማስረጃ አይቶ እንደ ወሰነ በመዝገቡ የተጻፈ ነገር አልተገኘም። ዘጠኝ ተማሪዎች ከሰሱ። ጎስና ሎፔዝ በተባለው በዚህ ክርክር ፍርድ ቤቱ በ1975 በ5 ድምፅ ለ4 ለተማሪዎቹ ፈረደ። ፍርዱም ዲሬክተሩ ከማገዱ በፊት ጥፋቱን ለተማሪው ይንገረው፤ ልጁ ቢክድ ማስረጃውን ይግለጽለት፤ የልጁንም ቃል ይስማ የሚል ነው። ጠበቃ አያስፈልግም፤ ነገሩ በተፈጸመ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቆሞ መነጋገር ይበቃል። ለሌሎች አደገኛ የሆነውን ልጅ ግን ወዲያው አስወጥቶ በኋላ መስማት ይቻላል። የእግዱም ነገር ከተማሪዎቹ መዝገብ እንዲፋቅ ተደረገ።

ሁለተኛው ነገር የደረሰው በማያሚ፣ በፍሎሪዳ ነው። በ1970 ኢንግራሃም የሚባል የ14 ዓመት ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ አስተማሪው ያዘዘውን ቶሎ አልፈጸምህም ተብሎ ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ተወሰደ። በጠረጴዛ ላይ ደፍተው ይዘውት ከ20 ጊዜ በላይ በእንጨት መቅዘፊያ ተመታ። መቅዘፊያው ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ የማይረዝም ጠፍጣፋ ሳንቃ ነው። ልጁ ደም ቋጥሮበት ሐኪም አስፈለገው፤ ብዙ ቀንም ከትምህርት ቀረ። ክርክሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በ1977 እንደ ገና በ5 ድምፅ ለ4 ተፈረደ፤ ይህ ጊዜ ግን በልጁ ላይ ነው። ጨካኝ ቅጣትን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ለወንጀለኞች እንጂ ለተማሪዎች አልተጻፈም፤ ተማሪ ቤት ሁሉም የሚያየው ቦታ ነው፤ ልጁም ማታ ወደ ቤቱ ይገባል ተባለ። ከመመታቱም በፊት ቃሉ እንዲሰማ ሕገ መንግሥቱ አያስገድድም ተባለ።

አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን አድርገህ ተመልከት። አንድ ልጅ 10 ቀን ከትምህርት የሚታገድ ከሆነ ቃሉ ይሰማል፤ 20 ጊዜ የሚመታ ከሆነ ግን አይሰማም። የፊተኛውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ኋይት በሁለተኛው ተቃወሙ፤ በፊተኛው የተቃወሙት ዳኛ ፓወል ሁለተኛውን ጻፉ። በሁለቱም ጊዜ ከሚበዛው ወገን የተገኙት ዳኛ ስቲዋርት ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር በአንድ ሰው ድምፅ መወሰኑ ያስገርመኛል። ሁለተኛው ፍርድ እስከ አሁን አልተሻረም፤ ከ15 በሚበልጡ ክፍላተ ሀገር በመንግሥት ተማሪ ቤት መምታት በሕግ እንደ ተፈቀደ ነው። ኒው ጀርሲ ግን በ1867፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከመሞታቸው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በተማሪ ቤት መምታትን ከልክላ ነበር።

በዚያው አገር በ1994 ጠመንጃ ይዞ ወደ ተማሪ ቤት የመጣ ልጅ ለአንድ ዓመት እንዲባረር የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ብዙ ተማሪ ቤቶች ይህን ጥብቅነት ወደ ተራ ድብድብ ወሰዱት፤ የጀመረውም ራሱን የተከላከለውም እኩል ይባረር ጀመር። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ማኅበር ነገሩን አስመርምሮ፣ እንዲህ ያለው ደንብ ተማሪ ቤቶችን ይበልጥ ደኅና ለማድረጉ ማስረጃ እንዳልተገኘ በ2008 አስታወቀ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ስምምነት በ1989 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጸደቀ። በውስጡ አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ እንዲሰማ፣ አንቀጽ 28 ደግሞ የተማሪ ቤት ሥነ ሥርዐት የልጁን ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዝዛል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉ፤ የደርግ መንግሥት ሊወድቅ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። በዚያ ጭንቅ መካከል ስለ ልጆች መሰማት የሚናገር ወረቀት መላኩን ብዙ ሰው አያውቅም። አሜሪካ ግን እስከ አሁን አላጸደቀችውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ልጆች በተማሪ ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ተማሪ ቤትን በስም ጠርቶ ደነገገ። የማያሚው ልጅ ያጣው አንቀጽ በኛ ሕግ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል።

ታዲያ አርጩሜው ጠፋን? አልጠፋም። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት በ2009 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ8 ዓመት ልጆችን ጠይቆ፣ በኢትዮጵያ ከተጠየቁት 38 በመቶው ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ በአስተማሪ ተመትተናል ማለታቸውን ጽፏል። አርጩሜው በተወባቸው ግቢዎችም ቦታውን የያዘው «ወላጅ አምጣ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ዩኒት ሊደሩ ሁለቱን ተደባዳቢዎች አንድ ቃል ሳይጠይቅ ከበር ይመልሳቸዋል። አባቱን የሚፈራው ልጅ አንዱን የሰፈር ጎረምሳ ሻይ ጋብዞ አጎቴ ነው ብሎ ያቀርባል፤ ሐሰተኛው አጎትም በተማሪ ቤቱ ፊት ልጁን ክፉኛ ይቆጣዋል፣ አንዳንዴም በጥፊ ይለዋል። ይህ ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን የጠቡ ምክንያት በዚህ ሁሉ መካከል አልተነሣም፤ ሁለቱ ልጆች በማግሥቱ ያንኑ ቂም ይዘው በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። ደካማው ልጅ ደግሞ ለተማሪ ቤቱ ብናገር እኔም እቀጣለሁ ብሎ መናገሩን ይተዋል፤ ታላቅ ወንድሙን ይዞ መምጣት ይመርጣል። የሁለት ልጆች ጠብ የሁለት ሰፈር ጠብ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

አስተማሪዎች የሚሰጡት መልስ እንዳለ አውቃለሁ። በአንድ ክፍል 60ና 70 ተማሪ ተቀምጦ፣ አንድ ዩኒት ሊደር ለስንቱ ዳኛ ይሆናል? ይላሉ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ የኮሎምበስ ዲሬክተሮችም ይህንኑ ዓይነት ምክንያት ሳያቀርቡ አልቀሩም። ነገር ግን መሰማት ማለት ችሎት መክፈት አይደለም። ሁለቱን ለየብቻ ምን ሆናችሁ ብሎ መጠየቅ፣ ከቲፎዞው አንድ ሁለት ልጅ ጠርቶ ማነጻጸር፣ ከዚያም የተበደለውንና የበደለውን ለይቶ ማስታረቅ ከአንድ ክፍለ ጊዜ አይበልጥም፤ በጠጠር ላይ ማንበርከኩም ያንኑ ያህል ጊዜ ይወስዳል። በቅጣት መዝገቡ ላይ ከጥፋቱና ከቅጣቱ አጠገብ ለተማሪው ቃል አንድ ዓምድ ቢጨመር ወረቀቱ ይበቃል። ያንን ዓምድ የሚሞላው ዩኒት ሊደሩ ወይም አንድ አስተማሪ ይሁን፤ የክፍል አለቃው ባይሆን ግን እመርጣለሁ።