የዎልፍ ጎጆ ወለል

ወደ ደሊኬት አርች የሚያወጣው መንገድ የሚጀምረው ከአንዲት የግንድ ጎጆ አጠገብ ነው። መንገደኛው ግን ጎጆዋን በጨረፍታ አይቶ ያልፋታል፤ ጥድፊያው በዩታ የመኪና ሰሌዳ ላይ ሳይቀር የታተመውን ቀይ የድንጋይ ቅስት ለማየት ነውና። እኔ ባለፈው ጥቅምት፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ከመጣችው ታላቅ እኅቴ ጋር ከዴንቨር ነድተን ሞአብ ከተማ ካደርን በኋላ፣ እዚያች ደጃፍ ላይ ካሰብኩት በላይ ቆየሁ።

የጎጆዋ ባለቤት ጆን ዌስሊ ዎልፍ ይባላል፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እግሩ የተጎዳ ወታደር ነበር። ደረቅ አየር ይሻለኛል ብሎ፣ ዕድሜው ሰባ ሊደፍን ሲቃረብ፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ከልጁ ከፍሬድ ጋር ከኦሃዮ ወደዚህ ምድረ በዳ መጣ። ለጥቂት ከብት የሚበቃ ሣርና ውኃ አገኘ፤ አንድ ክፍል ቤት ቀለሰ፤ ትንሽ ግድብም ሠራ። አባትና ልጅ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ብቻቸውን ኖሩ። በ1906 ሴት ልጁ ፍሎራ ከባሏና ከልጆቿ ጋር መጣች፤ የአባቷንም አኗኗር አይታ ደነገጠች። ዛሬ የምናያት ጎጆ ፍሎራ አባቷን ወትውታ ያሠራቻት፣ የጣውላ ወለል ያላት ሌላ ጎጆ ናት።

ይህን ስነግራት እኅቴ ዝም አለች። ከባንኩ መስኮት ጀርባ ከረባት አስሬ የተነሣሁትን ፎቶግራፍ ለጎረቤት ስታሳይ ስምንት ዓመት ኖራለች፤ የምኖርበትን ምድር ቤት ያየችው ግን ከአራት ቀን በፊት ነበር። በስልክ «ደኅና ነኝ» ያልኩት ሁሉ ትዝ ሳይላት አልቀረም። «የሰውዬውስ ጣውላ አለው» አለችኝ። ሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ጥቂት አለፍ ብሎ የዩት ሕዝቦች አለት ላይ የቀረጿቸው ፈረሰኞችና የዱር በጎች አሉ። ፈረስ በስፔኖች በኩል የመጣ እንስሳ ነውና፣ ቅርጹ ከ1650 እስከ 1850 ባለው ዘመን እንደተሠራ ይገመታል። ዎልፍም ለካ እንግዳ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጥላ የሌለው ራቁት አለት ነው። ቅስቱ እስከ መጨረሻው እጥፋት ድረስ አይታይም፤ ከዚያ በድንገት፣ ክፍተቱ ብቻ 14 ሜትር የሚያህል ሆኖ ፊት ለፊት ይቆማል።

ዝናው እንደ ዕድሜው አይደለም። ፕሬዚዳንት ሁቨር በ1929 አካባቢውን በመንግሥት የሚጠበቅ ሥፍራ ብለው ሲያውጁ፣ ይህ ቅስት ከክልሉ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ የተጨመረው ወሰኑ በ1938 ሲሰፋ ነው። «ስስ» የሚል ትርጉም ያለው ስሙም የ1930ዎቹ ነው። ከብት ነጂዎቹ በቆዳ ሱሪያቸው መስለው ይጠሩት ነበር (ስም በማውጣት ከእኛ ከገጣሚዎቹ ሳይሻሉ አይቀሩም)። በ1950ዎቹ ደግሞ እንዳይሸረሸር ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ይቀባ የሚል ሐሳብ ተጠንቶ ተትቷል። ሰነድ በላስቲክ ስለብጥ ለምውል ለእኔ ሐሳቡ እንግዳ አልሆነብኝም። ግን የቀረጸው ውኃና ውርጭ ነው፤ የሚጥለውም ያው ነው። በዚሁ ፓርክ ዎል አርች የተባለው ቅስት በነሐሴ 2008 አንድ ሌሊት ማንም ሳያየው ወድቋል።

የዎልፍ ቤተሰብ በ1910 ወደ ኦሃዮ ተመለሰ፤ ሽማግሌውም በ1913 በ84 ዓመቱ እዚያው ዐረፈ።

ከቅስቱ ሥር ላነሣት ስል እኅቴ እምቢ አለች። ስንወርድ ግን ከጎጆዋ ደጃፍ ቆማ «እዚህ አንሣኝ» አለችኝ። ለእናታችን ምን ብላ እንደምታሳያት አልጠየቅኋትም።