መጥረቢያ ያልነካው ደን

በሰሜን ካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ ከሶኖማና ከሜንዶሲኖ ካውንቲዎች ፊት ለፊት ውኃ ውስጥ ቆሞ የነበረው ደን ከ2014 ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ከ90 በመቶ በላይ ወደመ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የደኑ ዛፎች ኬልፕ የሚባሉ ግዙፍ የባሕር አረሞች ነበሩ፤ ነዋሪዎቹ ደግሞ ዓሦች፣ ሸርጣኖችና ቀንድ አውጣዎች። ተጠያቂውን ለማግኘት ብዙ ጊዜ አልፈጀም፤ ከ2014 እስከ 2016 የሰሜን ምሥራቅ ፓሲፊክን ውኃ ያሞቀው የባሕር ሙቀት ነው ተባለ። ፍርዱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። ያ ባሕር ከዚያ በፊትም ኤል ኒኞ በመጣ ቁጥር ይሞቅ ነበር፤ ደኑም ይሳሳና ቀዝቃዛው ውኃ ሲመለስ መልሶ ያንሰራራ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ሳያንሰራራ የቀረበትን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ታሪኩን ከቴርሞሜትር ሳይሆን ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የፀጉር ንግድ መጀመር አለበት። ደኑን አቁመውት የነበሩት ጠባቂ እንስሳት አንድ በአንድ ተነሥተው፣ የመጨረሻው ሲወድቅ የሚተካው አልነበረም።

ኬልፕ ሥር የለውም። ከታች አለቱን ቆንጥጦ የሚይዝ ሥር መሳይ ነገር ቢኖረውም ምግብ አይስብበትም፤ የሚመገበው በዙሪያው ካለው ቀዝቃዛ ውኃ ነው። በግንዱ ላይ የተደረደሩት አየር የሞሉ ፊኛዎች ወደ ብርሃን ያነሡታል። በደቡብና በመካከለኛው ካሊፎርኒያ የሚበዛው ዝርያ ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ቁመቱም ከ30 ሜትር ያልፋል። በሰሜን ያለው ዝርያ ደግሞ በአንድ በጋ ከአለት እስከ ውኃው ገጽ አድጎ በክረምት ማዕበል የሚነቀል የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው ነው። በዚህ መካከል ዓሣ ምን ያገኛል? ሮክፊሽ የተባሉትን የጠረፍ ዓሦች እንውሰድ። እናቲቱ ዕንቁላል አትጥልም፤ ሕይወት ያላቸውን እጮች ትወልዳለች። እጮቹ ወራት በሚፈጅ ጊዜ በሰፊው ባሕር ላይ ሲንሳፈፉ ቆይተው፣ የበርካታ ዝርያዎች ግልገሎች ወደ ጠረፍ ሲመለሱ የሚያርፉት ከኬልፑ ቅጠሎች ሥር ነው። ቅጠሉ ከአዳኝ ይሸሽጋቸዋል፤ የማዕበሉን ጉልበት ያበርድላቸዋል፤ በላዩ የሚርመሰመሱት ጥቃቅን ሽሪምፕ መሳይ ነፍሳትም ምግባቸው ናቸው። ትልልቆቹ ዓሦች ከታች ባለው አለት መካከል አድፍጠው ያድናሉ። ቻርልስ ዳርዊን በ1834 በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ በቲዬራ ዴል ፉዌጎ፣ ይህንኑ ዓይነት ደን አይቶ፣ በየትኛውም አገር የየብስ ደን ቢጠፋ በኬልፑ መጥፋት የሚያልቁትን ያህል የእንስሳት ዝርያዎች አያልቁም የሚል ግምቱን ጽፏል። ዓሣው መጠለያ ያጣል፤ ዓሣ የሚበሉት አእዋፍና ሲሎች ይከተላሉ፤ ጉዳቱ በመጨረሻ ሰው ዘንድ ይደርሳል ማለቱ ነበር።

ዳርዊን ይህን ሲጽፍ የሰሜን ፓሲፊክ ደኖች ዋና ጠባቂ ወደ መጥፋቱ ተቃርቦ ነበር። በ1741 በቪተስ ቤሪንግ የተመራው የሩሲያ ጉዞ መርከብ ዛሬ በካፒቴኑ ስም በሚጠራው ደሴት ላይ ተሰባበረ። ቤሪንግ እዚያው ሞተ፤ የተረፉት መርከበኞች ክረምቱን ያሳለፉት በአብዛኛው የባሕር እንስሳት እየበሉ ነበር። በ1742 ወደ ካምቻትካ ሲመለሱ የባሕር ኦተር ቆዳ ይዘው መጡ። ይህ እንስሳ እንደ ዓሣ ነባሪ ከቆዳው ሥር ወፍራም ስብ የለውም፤ ከቅዝቃዜ የሚያድነው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር እስከ 150,000 የሚደርስ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉሩ ነው። ያዳነው ፀጉር ግን የሞቱም ምክንያት ሆነ። የቻይና ባለጸጎች ለቆዳው ከፍተኛ ዋጋ ይከፍሉ ስለነበር ሩሲያውያን በሞንጎሊያ ወሰን በኪያኽታ በኩል ይሸጡላቸው ጀመር፤ የእንግሊዛዊው አሳሽ የጄምስ ኩክ መርከበኞችም በ1778 በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ካለው ከኑትካ ያገኙትን ቆዳ ወደ ቻይናው ወደብ ካንቶን ወስደው ያተረፉት ትርፍ ሲሰማ እንግሊዛውያንና አሜሪካውያን ተሻሙበት። የአሊዩሽያን ደሴቶች ተወላጆች የሆኑት የአሊዩት አዳኞች በግዴታ እየተሰማሩ ከደሴት ደሴት ተነዱ። የሩሲያ አሜሪካ ኩባንያ በ1812 ፎርት ሮስን በካሊፎርኒያ ጠረፍ የመሠረተው አንዱ ይህን አደን ብሎ ነው። በ1911 አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ጃፓንና ብሪታንያ አደኑን በውል ሲያግዱ፣ በአንድ ወቅት ከ150,000 እስከ 300,000 ይገመት ከነበረው መንጋ የቀረው አንድና ሁለት ሺህ ብቻ ነበር።

ነጋዴዎቹ የወሰዱት ቆዳ ነው፤ ከቆዳው ጋር የሄደው ግን የደኑ ጥበቃ ነበር። ኦተር ገላውን ለማሞቅ በየቀኑ የክብደቱን ሩብ ያህል መብላት ይኖርበታል፤ ከሚመርጣቸው ምግቦች አንዱ የባሕር ጃርት ነው። እሾሃሙ የባሕር ጃርት ደግሞ ኬልፕን ከግርጌው እየጋጠ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ተቆጣጣሪ ሲያጣ ደኑን ወደ ባዶ አለት ይለውጠዋል። ጄምስ ኤስቲስና ጆን ፓልሚሳኖ በ1974 ባሳተሙት ጥናት በአሊዩሽያን ሰንሰለት ኦተር የተመለሰባቸውን ደሴቶች ካልተመለሰባቸው ጋር አነጻጸሩ። በአምቺትካ ዙሪያ ኬልፑ ጥቅጥቅ ብሎ አገኙት፤ ኦተር በሌለበት በሸምያ ዙሪያ ግን ወለሉን የባሕር ጃርት ሞልቶታል። ከዚህ ይልቅ ለታሪክ ጸሐፊ የሚጥመው በ1978 የወጣው ማስረጃ ነው። ከ2,000 ዓመታት በላይ በአምቺትካ የኖሩ አሊዩቶች የጣሉት የምግብ ትራፊ ተቆፍሮ ንብርብሩ ተመረመረ። የኦተር፣ የዓሣና የሲል አጥንት በበዛበት ንብርብር የባሕር ጃርት ቅርፊት ያንሳል፤ ቅርፊቱ በበዛበት ንብርብር ደግሞ ኦተሩም ዓሣውም ይሳሳል። የዓሣው ዕጣ ከኦተሩ ጋር ተያይዞ እንደኖረ የአንድ ሕዝብ የቆሻሻ ክምር መዝግቦታል። ክምሩ ሌላም ነገር ይመሰክራል፦ የአሊዩቶች አደን በሰፈራቸው ዙሪያ ኦተሩን ቢያሳሳውም ከምድር ገጽ አላጠፋውም፤ ያን ለማድረግ የተቃረበው የዓለም ገበያ ነው።

ይህን ክርክር የሚፈታተነው ጠንካራ መቃወሚያ ከካሊፎርኒያ ከራሷ ይነሣል። በሰሜን ካሊፎርኒያ ኦተር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የለም፤ ደኑ ግን እስከ 2014 ድረስ ቆሞ ነበር። በደቡብም እንዲሁ ያለ ኦተር ሰፋፊ ደኖች ኖረዋል። ታዲያ ከመቶ ዓመት በላይ ምንም ያላስከተለ ሞት እንዴት ዛሬ ይከሰሳል? መልሱ ጠባቂው አንድ ብቻ አልነበረም የሚል ነው። በደቡብ ሺፕሄድ የሚባለው ዓሣና ሎብስተር የባሕር ጃርትን ይበላሉ። በሰሜን ይህን ሥራ በዋናነት የያዘው ስፋቱ ወደ አንድ ሜትር የሚደርስ፣ ከ20 የሚበልጡ ክንዶች ያሉት የሱፍ አበባ መሳይ የባሕር ኮከብ ነበር። ኦተሩ ከተነሣ በኋላ ጭነቱ በሙሉ በእርሱ ላይ ወደቀ። በ2013 የባሕር ኮከቦችን አካል የሚያበሰብስ ወረርሽኝ ከሜክሲኮ እስከ አላስካ ተዛመተ፤ ይህ ኮከብ ከካሊፎርኒያ ውኃ ጨርሶ የጠፋ ያህል ሆነ። የበሽታው መንሥኤ አንድ የቪብሪዮ ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው በ2025 ነው። ሙቀቱ የመጣው ወረርሽኙን ተከትሎ፣ ደኑ ያለ ጠባቂ በቀረበት ሰዓት ነበር። ስለዚህ የኦተሩ መጥፋት ምንም አላስከተለም ማለት ስሕተት ነው፤ ያስከተለው መጠባበቂያ ማጣትን ነው። መጠባበቂያ ማጣት ደግሞ ክፉ ቀን እስኪመጣ አይታወቅም።

«ሙቀቱ ብቻውን ይበቃ ነበር» ለሚልም የሚመልስ መረጃ አለ፤ ያቆየልን ደግሞ የማዳበሪያ ፍላጎት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ለማዳበሪያ ከሚያገለግለው የጀርመን ፖታሽ ጥገኝነት ለመላቀቅ ሲል ከኬልፕ ፖታሽ ይገኛል በሚል ተስፋ የጠረፉን ደኖች አስለካ፤ ካርታም አስነሣ። ተመራማሪዎች እነዚያን ካርታዎች ከዘመናዊ የአየርና የሳተላይት ፎቶ ጋር አስተያይተው በ2024 ያወጡት ውጤት እንዲህ ይላል፦ በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ በሰሜንም በደቡብም ካሊፎርኒያ ደኑ ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ በመካከለኛው ጠረፍ ግን ከግማሽ በላይ ጨምሯል። መካከለኛው ጠረፍ በቢግ ሰር አጠገብ 50 ያህል ኦተሮች ከአደኑ ተርፈው፣ ከዚያ የተባዙበት ነው። ሙቀቱ ሦስቱንም አግኝቷል፤ ልዩነቱን በዋናነት ያመጣው ጠባቂው ነው። እርግጥ ኦተር ተአምር አይሠራም። በሞንተሬይ እንደታየው ሆዱ ባዶ የሆነ፣ የተራበ የባሕር ጃርትን አይበላም፤ ስለዚህ የተራቆተውን አለት መልሶ አያለብስም። የሚያደርገው በጠገቡት ላይ እየዘመተ የተረፈውን የደን ቁራጭ ማቆየት ነው። ለዓሣ ግልገል ግን ያ ቁራጭ ትልቅ ነገር ነው፤ ደኑም ዘሩን የሚበትነው ከዚያ ነው።

የቀረው የአጥማጆች ቅሬታ ነው፤ በንቀት ሊታለፍ አይገባም። ኦተር አባሎኒ የተባለውን ውድ ቀንድ አውጣና ሸርጣንን ይበላል፤ ሲመለስ የሰውን ገቢ ይሻማል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም በ1850ዎቹ ቻይናውያን አጥማጆች በሞንተሬይ ያገኙት የአባሎኒ ክምችት በላተኛው በመጥፋቱ የተጠራቀመ ነበር፤ የባሕሩ የዘወትር ምርት ተደርጎ ተቆጠረ እንጂ። ከዚያ የሆነውን እናውቃለን። በደቡብ ካሊፎርኒያ አባሎኒ ማስገር በ1997 ተዘጋ። በሰሜን ደኑ ሲጠፋ አባሎኒዎቹ የሚበሉት አጥተው በረሃብ አለቁ፤ የመዝናኛ ማስገሩም በ2018 ተዘጋ። ቀይ የባሕር ጃርት እየሰበሰቡ ለገበያ ያቀርቡ የነበሩ ጠላቂዎችም ውስጡ ባዶ የሆነ ቅርፊት ከማውጣት በቀር ትርፍ አጡ። ኦተር የሚያስቀረው ገቢ አለ፤ ደን አልባ አለት ግን ለማንም ገቢ የለውም።

ዛሬ በካሊፎርኒያ ጠላቂዎች የባሕር ጃርት በመዶሻ እየሰበሩና እየለቀሙ ደኑን ለመመለስ ይደክማሉ። ሥራው የሚያስመሰግን ቢሆንም ጠባቂ እንስሳ በነጻ ይሠራው የነበረውን ሰው በደመወዝ መሥራቱ ነውና ለሺህ ኪሎ ሜትር ጠረፍ አይዘልቅም። የበለጠ ተስፋ ያለው የባሕር ኮከቡን በላቦራቶሪ አራብቶ የመልቀቁ ጥረት ነው፤ ኦተርን ወደ ሰሜን ካሊፎርኒያና ኦሬጎን የመመለሱ ሐሳብም እንዲሁ፤ የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት በ2022 ይህን ሐሳብ መርምሮ ሊሆን የሚችል ነው ብሏል። ይህ ሲደረግ አጥማጆቹን ከመጀመሪያው ማማከርና የሚያጡትን ማካካስ ግዴታ ነው። ውኃው ገና ይሞቃልና መጠባበቂያ ጠባቂ የማቆሙ ሥራ ከሚቀጥለው ሙቀት በፊት መጀመር አለበት።