የአድማጩ ታሪክ

የመገናኛ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወደሰው ላኪው ነው። በወዲያኛው ዳር ተቀምጦ መልእክቱን ከጫጫታው የለየው እምብዛም አይነሣም። እኔ ላወሳ የፈለግሁት ይህንኑ አድማጭ፣ ባለሙያዎች ዲሞጁሌተር የሚሉትን ነው። ሞደም የሚለው ስም ራሱ ሞጁሌተርና ዲሞጁሌተር ከሚሉት ቃላት ተቆርጦ የተሰፋ ነው። የዲሞጁሌተር ሥራ ባጭሩ፣ ተበላሽቶ የደረሰን ምልክት መርምሮ «የተላከው ዜሮ ነው ወይስ አንድ?» ብሎ መፍረድ ነው።

ጥያቄው ግን ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። በ1858 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አየርላንድን ከኒውፋውንድላንድ የሚያገናኝ የቴሌግራፍ ገመድ በአትላንቲክ ወለል ተዘረጋ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለፕሬዚዳንት ቡካናን የላኩት የ98 ቃላት መልእክት ተላልፎ እስኪያልቅ 16 ሰዓት ፈጀ። ረጅሙ ገመድ ኤሌክትሪኩን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቀው፣ ቁርጥ ብሎ የተላከው ምት ማዶ ሲደርስ ተድበስብሶ ከተከታዩ ጋር ይቀላቀል ነበር።

መፍትሔው ላይ ሁለት ሰዎች ተለያዩ። የኩባንያው የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ በትምህርቱ ሐኪም የነበረው ዋይልድማን ዋይትሃውስ፣ ኃይል መጨመርን መረጠ። ገመዱ ላይ እስከ 2,000 ቮልት ለቀቀበት። ቀድሞውንም የአሠራር ጉድለት የነበረበት ገመድ ይህን አልቻለም፤ ብዙ ሳምንት ሳይቆይ ጸጥ አለ። ሰውየውን እንደ ሞኝ ብቻ ማየት ግን አይገባም፤ አልሰማ ያለውን ሰው ጮክ ብሎ መጥራት የሁላችንም ጠባይ ነው።

የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ዊሊያም ቶምሰን (የኋላው ሎርድ ኬልቪን) ነገሩን ከተቀባዩ በኩል አየው። ማግኔት የተለጠፈባት ትንሽ መስተዋት በሐር ክር አንጠለጠለ። ደካማ ኤሌክትሪክ ሲደርስ መስተዋቷ ዞር ትላለች፤ የምታንጸባርቀው ጮራም ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጮራውን እየተከተለ ፊደል የሚለየው የሰው ዓይን ነበር።

በ1866 ሁለት ገመዶች ሥራ ጀመሩ። መሐንዲሱ ላቲመር ክላርክ ሁለቱን በኒውፋውንድላንድ ጫፋቸው አስቀጠለና፣ ልብስ ሰፊ ጣቱን ከመርፌ ለመከላከል በሚያጠልቃት የብር ቆብ ውስጥ ጥቂት አሲድ ጨምሮ ባትሪ ሠራ። ከዚያች ባትሪ የወጣው ምልክት ውቅያኖሱን ሄዶ ተመልሶ በግልጽ ታየ።

የዓይንን ፍርድ ወደ ሒሳብ የለወጡት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ናቸው። በ1943 በራዳር ላይ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ዲ. ኦ. ኖርዝ፣ የሚጠብቀውን ምልክት ቅርጽ አስቀድሞ የሚያውቅ ተቀባይ ከጫጫታው እንዴት አጉልቶ እንደሚያወጣው አሳየ። በ1947 የሶቪየቱ ቭላዲሚር ኮቴልኒኮቭ በዶክትሬት ጽሑፉ፣ ከሁሉ የተሻለው ተቀባይ እንኳ ምን ያህል እንደሚሳሳት አሰላ። በ1948 ክሎድ ሻነን፣ ፍጥነቱ ከመስመሩ አቅም እስካላለፈ ድረስ፣ በጫጫታም ውስጥ ስሕተትን የፈለጉትን ያህል ማሳነስ እንደሚቻል አረጋገጠ።

በ1977 የመጠቀችው ቮዬጀር 1 በ2024 ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ መረጃ ትልክ ነበር። የማስተላለፊያዋ ኃይል ከ20 ዋት እምብዛም አይበልጥም። እዚያ ድረስ ሄዶ ኃይል የሚጨምርላት የለም። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ሊሻሻል የቻለው ምድር ላይ ያለው ጆሮ ነው።