ነፋስ በባሕር ላይ የጻፈው

ነፋስን በዓይኑ ያየ ማን አለ? የምናየው የነካውን ብቻ ነው፦ የጎነበሰውን ሣር፣ የተሸበሸበውን ውኃ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራዳር ይዘው ባሕር የሚቃኙ ወታደሮች አንድ ችግር ነበረባቸው። የጠላትን መርከብ ሲፈልጉ፣ ከማዕበሉ ተመልሶ የሚመጣ ብልጭታ ስክሪናቸውን ይሸፍነዋል። ነፋሱ ሲበረታ ብልጭታውም ይበዛል። እነርሱ እንደ ጉድፍ የቆጠሩትን፣ ኋላ የመጡ ሊቃውንት እንደ ጽሑፍ አነበቡት።

ነፋስ የባሕሩን ገጽ ሲዳስስ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ሞገዶች ይነሣሉ። ስካተሮሜትር የተባለው መሣሪያ ከሳተላይት ላይ ሆኖ የራዳር ሞገድ በሰያፍ ይልካል። ለስላሳ ባሕር እንደ መስታወት ወደ ማዶ ያንጸባርቀዋል፤ የተሸበሸበው ግን ከፊሉን ለላኪው ይመልሳል። ከተመላሹ ብርታት የነፋሱ ፍጥነት ይሰላል፤ ያንኑ ሥፍራ ከተለያየ አቅጣጫ በማየት ደግሞ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ይታወቃል።

መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1973 በስካይላብ ላይ ተሞከረ። በ1978 የመጠቀው ሲሳት ከ105 ቀናት ገደማ በኋላ በኤሌክትሪክ ብልሽት ጸጥ አለ። በዚያ አጭር ዕድሜው ግን የውቅያኖስ ነፋስ ከሕዋ ሊነበብ እንደሚችል አሳየ። በ1999 የተከተለው ክዊክስካት የሚሽከረከር አንቴናው በ2009 እስኪቆም ድረስ፣ መርከብ በማይደርስበት ባሕር ላይ ያለውን ማዕበል ለትንበያ ባለሙያዎች ሲያቀብል ኖረ።

ማታ ማታ ስንኝ ስቋጥር፣ ከቤቱ አልገጥም ያለኝን ቃል ቶሎ መሠረዝ ልማዴ ነበር። ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ ግን እጄ ትንሽ ይዘገያል።